ወፍራም ይሁን፣ መዳብ ይሁን፣ በደንብ ይታሰር፦ ስለ ድምፅ ገመድ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን የመልእክት ሳጥናችንን የሞላው የገመድ ጥያቄ ነው። የስፒከር ገመድ፣ ቀይና ነጩ ገመድ፣ ኦፕቲካል፣ ኤችዲኤምአይ። ደስ ብሎኛል። ምክንያቱም ገመድ ላይ አንዱ ሳያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ያፈሳል፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ግድ ሳይሰጠው ያገኘውን ቀጣጥሎ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለገመድ ሰጥቼዋለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቤት ውስጥ ያሉት የድምፅ ገመዶች ሦስት ዓይነት ሥራ ነው ያላቸው። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ጉልበት ያለው ኤሌክትሪክ ይሸከማል። ከማጫወቻ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው አናሎግ ገመድ በጣም ደካማ ሲግናል ያደርሳል። ዲጂታሉ ደግሞ ቁጥር ያመላልሳል። የመጀመሪያው ውፍረት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ከለላ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ቁጥሩን ሳያጎድል ካደረሰ ሥራውን ጨርሷል። ሰው ግራ የሚጋባው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን መመዘኛ ለሌላው ሲሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። አዲስ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገዛሁ። ከካርቶኑ የወጣው የስፒከር ገመድ በጣም ቀጭን ነው። ሻጩ "በዚህ ከሰማህበት ገንዘብህን ሜዳ ላይ በትነሃል፣ ዋናው ነገር ኬብሉ ነው" ብሎ ከስፒከሩ ዋጋ ግማሽ የሚሆን ኬብል አሳየኝ። ስፒከሮቹ ከአምፑ 4 ሜትር ይርቃሉ፣ ጀርባቸው ላይ 8 ኦም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሻጩ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። ከካርቶን የሚወጣው ገመድ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ ቢቀየር ጥሩ ነው። "ዋናው ነገር ኬብሉ ነው" ያለው ግን ትክክል አይደለም። ዋናው ነገር ስፒከሩና ስፒከሩ የተቀመጠበት ክፍል ነው።

አብረን እንየው። ማንኛውም ሽቦ ኤሌክትሪኩን በመጠኑ ያግደዋል፤ ይሄ ነው ሬዚስታንስ የሚባለው፣ የሚለካውም በኦም ነው። ሽቦው ሲረዝም እግዱ ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ ያንተ 4 ሜትር በሒሳብ 8 ሜትር ነው። የሽቦው ውፍረት 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን (ከካርቶን የሚወጡት አንዳንዶቹ እዚህ አካባቢ ናቸው) 8 ሜትሩ 0.7 ኦም ገደማ ያግዳል። ከ8 ኦም አንጻር ከ8 በመቶ በላይ ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ብትቀይረው 0.09 ኦም ይሆናል፣ አንድ በመቶ ብቻ። በ2.5 ደግሞ 0.055።

የገመዱ እግድ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል የተለመደ መመሪያ አለ። እኔ ከ3 በመቶ በታች ሲሆን ነው ልቤ የሚያርፈው። ለምን ብትል፣ ስፒከርህ ጀርባ ላይ ያለው "8 ኦም" መጠሪያ ቁጥር ነው እንጂ ቋሚ ቁጥር አይደለም። በአንዱ ድምፅ ላይ 6.4 ኦም ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ ባሱ አካባቢ ደግሞ 20 እና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ኦሙ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ ብዙ ይወስዳል፣ ከፍ ባለበት ትንሽ ይወስዳል። ድምፁ መቀነሱ ብቻ ቢሆን ቮልዩም ትጨምርና ያልፋል። ችግሩ እኩል አለመቀነሱ ነው፤ የስፒከሩ መልክ ትንሽ ይለወጣል። ቀጭን ገመድ ሲቀየር "ድምፁ ጠራ" የሚሉ ሰዎች የሚሰሙት ነገር ይሄ ነው፣ እውነተኛ ነገር ነው።

እና 1.5 ወይም 2.5 መዳብ ግዛ። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለመልኩ ነው። የተረፈህን ገንዘብ ለስፒከር ማቆሚያ አውለው፣ ልዩነቱን ወዲያው ትሰማዋለህ።

አንዳንድ ገመድ ላይ ካሬ ሚሊ ሜትር ሳይሆን "ጌጅ" ነው የሚጻፈው። እዚያ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 16 ጌጅ ወደ 1.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ 14 ወደ 2.1፣ 12 ወደ 3.3።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ረጅም ነው። አንዱ ስፒከር ከአምፑ 3 ሜትር ይርቃል፣ ሌላው በግድግዳው ዙሪያ ሲዞር 12 ሜትር ይወስዳል። ባለቤቴ ሁለቱም እኩል ካልሆኑ ድምፁ ተቀዳድሞ ይደርሳል ብሎ ለቅርቡም 12 ሜትር ገዝቶ ትርፉን ጠቅልሎ ከሶፋ ጀርባ ሊያስቀምጥ ነው። ስፒከሮቹ 4 ኦም ናቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ያሰበው ነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ነው፤ በሒሳብ ስናየው ግን አያሳስብም። ሲግናሉ በገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የ9 ሜትር ልዩነት 45 ናኖሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ድምፅ በአየር ላይ ከአንድ የፀጉር ክር ውፍረት ያነሰ ነው የሚሄደው። ሶፋው ላይ ጭንቅላትሽን ትንሽ ስታዘነብዪ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት ትፈጥሪያለሽ። ስለዚህ ለቅርቡ 3 ሜትር በቂ ነው፣ እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ጨምሩበት።

እናንተ ልትጨነቁበት የሚገባው የሩቁ ስፒከር ነው። 4 ኦም ስፒከር ገመድ ላይ ጨካኝ ነው። 12 ሜትር በ1.5 ገመድ ከ0.27 ኦም በላይ ያግዳል፣ ይሄ ከ4 ኦም 7 በመቶ ገደማ ነው፣ በዛ። በ2.5 ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር 2.6 በመቶ። እኔ ብሆን ለሁለቱም ባለ 4ቱን እወስዳለሁ። በሁለቱ ስፒከሮች መሃል የሚቀረው የመጠን ልዩነት 0.2 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም፣ ጆሮ አይለየውም።

ትርፉን ጠቅልሎ ማስቀመጡም ይቅር። ቦታ ይይዛል፣ ሰው ይጠልፋል፣ ጥቅም የለውም። ገመዱን በግድግዳ ውስጥ የምታሳልፉት ከሆነ ግን ለግድግዳ ውስጥ ተብሎ የተሠራ፣ ልባሱ እሳት የማያዛምት ገመድ ግዙ። እዚህ ላይ ቁጠባ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ "ንጹሕ መዳብ" ብለው የሸጡልኝ የስፒከር ገመድ ጫፉን ልጬ ስጠመዝዘው ክሮቹ ቆርጠው እጄ ላይ ቀሩ። ሁለተኛ ስሞክር ደግሞ በፒንሳ ነክቼው ብቻ ተሰበረ። መዳብ እንዲህ ይሰበራል? ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ይመስለኛል። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ብታጣጥፊው፣ ብታዞሪው፣ እጅሽን ተከትሎ ይሄዳል። እጅሽ ላይ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ከውጭ ሲታይ መዳብ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ውስጡ ግን አሉሚኒየም ነው።

እንዲህ አድርጊና አረጋግጪ። ከተላጠው ጫፍ አንድ ክር ብቻ ለይተሽ አውጪ። ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝተሽ በቢላ ወይም በምላጭ ቀስ አድርገሽ ፋቂው፣ አንድ ሁለቴ ይበቃል፣ ከዚያ ብርሃን ላይ አዙረሽ እዪው። መዳብ ከሆነ የተፋቀው ቦታ እንደ ውጩ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። ልብጥ ከሆነ ቀዩ ሽፋን ተነሥቶ ከሥሩ ነጭ ብርማ ብረት ይወጣል። በመቁረጫ አፉን እኩል አድርገሽ ቆርጠሽ በማጉያ መስታወት ብታዪው ደግሞ ዙሪያው ቀይ ቀለበት፣ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ክብደቱም ይናገራል። ባለ ሁለት መስመር 2.5 ገመድ 10 ሜትሩ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ወደ 450 ግራም ይመዝናል፣ ላስቲኩ ሳይጨመር። ልብጡ የዚያን ግማሽ አይደርስም። አንድ ጥቅል አንሥተሽ "ወይ መቅለሉ!" ካልሽ ተጠራጠሪ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከውጭ ነጭ የሆነ ሁሉ አሉሚኒየም አይደለም። ዝገት እንዳይነካው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ አለ፤ እሱ ሲፋቅ በተቃራኒው ከነጩ ሥር ቀይ ይወጣል። እሱ ደኅና ገመድ ነው፣ እንዳትጥዪው።

ላስቲኩ ላይ በላቲን ፊደል "ሲሲኤ" የሚል ካለ ልብጥ ነው ማለት ነው። "ኦኤፍሲ" የሚለው ከኦክስጅን የጠራ መዳብ ነው። በነገራችን ላይ ከኦክስጅን የጠራው መዳብ ከተራው የኤሌክትሪክ መዳብ የሚበልጠው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። "ኦኤፍሲ" የሚለውን የምፈልገው ለዚያች አንድ በመቶ ሳይሆን፣ ቢያንስ መዳብ ነው ብሎ የሚፈርም ጽሑፍ ስለሆነ ነው።

የገዛሽው ይጣል? የግድ አይደለም። ልብጥ አሉሚኒየም ከመዳብ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ያግዳል፣ ስለዚህ ባለ 2.5ቱን እንደ 1.6 መዳብ ቁጠሪው። ርቀቱ አጭር ከሆነ ይሠራል። መጥፎ ጎኑ ሌላ ነው፦ ይሰበራል፣ መቆለፊያው ሥር ቀስ በቀስ ይላላል፣ ጫፉም ይበላሻል። የምትጠቀሚበት ከሆነ አልፎ አልፎ ጫፉን ቆርጠሽ አድሺው፣ ብሎኑንም አጥብቂ። መዳብ ብለው ሸጠውልሽ ልብጥ ከሆነ ግን መልሺላቸው። ገንዘቡን የከፈልሽው ለመዳብ ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥኑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በቀይና ነጭ ገመድ ካገናኘሁ ጀምሮ "እምምምም" የሚል ድምፅ አለ። ቮልዩም ዝቅ ብሎም ይሰማል። ሦስት ጊዜ ገመድ ቀይሬያለሁ፣ የመጨረሻው በጣም ውድ ነው። አሁንም እምምም። አንድ ጓደኛዬ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቁረጠው አለኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ፣ የሶኬቱን እግር እንዳትቆርጥ! ያ እግር ኧርዝ ነው። ዕቃው ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሽቶ ብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ ቢመጣ አንተን ሳይሆን እሱን ይዞ እንዲሄድ የተቀመጠ ነው። እምምታ ያናድዳል፣ ኤሌክትሪክ ግን ይገድላል። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ይሄ ምክር ለዓመታት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ ግን ይቁም።

አሁን ወደ ችግሩ። ይሄ የገመድ ጥራት ችግር አይመስለኝም፣ ለዚህ ነው ሦስት ገመድ ያልፈታው። ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ይገናኛሉ። ለምሳሌ አምፑ በሶኬቱ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከጣሪያ በሚመጣው የዲሽ ወይም የአንቴና ገመድ። በሁለቱ መሃል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት አለ። አንተ በቀይና ነጩ ገመድ ስታገናኛቸው ዙሩ ይዘጋል፣ በገመዱ ከለላ ላይ ኤሌክትሪክ መዞር ይጀምራል። እሱ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ የሚወዛወዝ ስለሆነ እንደ ወፍራም እምምታ ትሰማዋለህ። ባለሙያዎች ግራውንድ ሉፕ ይሉታል።

ምንጩን ለማግኘት በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። ሁሉንም አጥፋ። የዲሹን ወይም የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ንቀል። አብራ። እምምታው ከጠፋ ተያዘ። ካልጠፋ ሌሎቹን ከአምፑ ጋር የተገናኙ ዕቃዎች ተራ በተራ ንቀል፣ የጠፋበት ቅጽበት ላይ በእጅህ ያለው ገመድ ነው ጥፋተኛው። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም የሚያጓራ ከሆነ ችግሩ አምፑ ውስጥ ነው፣ ለባለሙያ ስጠው።

መፍትሔው እንደ ምንጩ ነው። ቀላሉ፣ ቴሌቪዥኑንና አምፑን ኧርዝ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። ብዙ ቤት በዚህ ብቻ ይድናል። ሁለተኛው፣ ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ ካለውና አምፑም ከተቀበለ በኦፕቲካል ማገናኘት ነው። ኦፕቲካል ብርሃን ነው የሚያሳልፈው፣ በውስጡ ብረት ስለሌለ ዙሩ የሚዘጋበት መንገድ የለም፣ እምምታው ድርግም ይላል። ሦስተኛው፣ ለቀይና ነጩ ገመድ ወይም ለአንቴናው ገመድ የተሠራ ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር መሃል ማስገባት ነው።

ድምፁ እምምታ ሳይሆን "ዝዝዝ" የሚል ሹል ነገር ከሆነ ደግሞ የሲግናል ገመዱን ከኃይል ገመድ ጎን ለጎን አስረኸው እንደሆነ እይ። አራርቃቸው። መገናኘታቸው ካልቀረ በመስቀለኛ ይተላለፉ እንጂ አብረው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቀይና ነጩ ገመድ በወርቅ የተለበጠ ይሁን? የብርስ? ገመዱ ላይ ያለው የቀስት ምልክትስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ወርቅ ከመዳብ የተሻለ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እንዲያውም ያንሳል። ጥቅሙ አለመዝገቱ ነው። ስስ ልብጥ ይበቃል። ብር ከመዳብ በ6 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ያንን 6 በመቶ የስፒከር ገመድ ላይ መዳቡን ትንሽ በማወፈር ታገኙታላችሁ፣ በዚህ በደካማ ሲግናል መስመር ላይ ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። እዚህ የሚያስፈልገው ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያለው፣ ጫፉ በደንብ የተበየደ፣ ሲሰካ ጥብቅ የሚል ግን የአምፑን ሶኬት የማይነቅል ገመድ ነው። ርዝመቱ ከሚያስፈልገው አይብዛ።

ቀስቱ አንዳንዴ ትርጉም አለው። ከለላው በአንድ ጫፍ ብቻ የተያያዘ ገመድ ላይ የትኛው ጫፍ እንደሆነ ይጠቁማል፣ እንደ አምራቹ መመሪያ ሰኩት። የስፒከር ገመድ ላይ ያለ ቀስት ግን ምንም አይልም። በስፒከር ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ወዲያና ወዲህ ነው የሚመላለሰው፣ ፊትና ኋላ የለውም።

ሁለቱም ዕቃዎቻችሁ ባለ ሦስት እግሩ የኤክስኤልአር መሰኪያ ካላቸውና ገመዱ ረጅም ከሆነ እሱን ምረጡ። አንዱን ሲግናል ቀጥና ግልብጥ አድርጎ በሁለት ሽቦ ይልካል፣ መድረሻው ላይ ልዩነቱ ብቻ ይወሰዳል፣ በመንገድ ላይ እኩል የገባባቸው ጫጫታ ይጣፋል። ለአንድ ሜትር ግን ቀይና ነጩ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያጠራቀምኳቸው ሸክላዎች አሉኝ። ማጫወቻውን ልጆቼ አሳደሱልኝ። ከአምፑ ርቆ ስለተቀመጠ 5 ሜትር ገመድ ቀጠሉለት። አሁን ድምፁ የታፈነ ሆነብኝ፣ ያ የማውቀው ጥራት የለም፣ ያጓራልም። እርጅና ነው ይሉኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ ገመዱ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጆሮዎን አይጠራጠሩ። ገመዱ ነው የምለው። ይሄን ደብዳቤ ሳነብ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የገመድ ባሕርይ በእውነት የሚሰማበት አንድ ቦታ ቢኖር የሸክላ ማጫወቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሲዲ ማጫወቻ የሚያወጣው ሲግናል እስከ 2 ቮልት ይደርሳል። የሸክላው መርፌ የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ 400 ጊዜ ያንሳል። አምፑ ያንን ሲያጎላ በመንገድ ላይ የገባውን ጫጫታም አብሮ ያጎላዋል። ማጓራቱ ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ከለላ ያለው ገመድ በውስጡ ጥቂት ቻርጅ ይይዛል፣ ካፓሲታንስ ይባላል፣ በፒኮፋራድ ይለካል። ብዙ ገመዶች በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ናቸው። የተለመደው ማግኔት ያለው የመርፌ ቤት ደግሞ ገመዱና አምፑ ተደምረው ከ100 እስከ 200 ቢሆኑ ነው የሚወደው። የእርስዎ 5 ሜትር ብቻውን 500 ይሆናል። ያኔ ከላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ፣ የጽናጽሉ፣ የማሲንቆው ጫፍ፣ የዘፋኙ "ስ" እና "ጽ" ቅርጹ ይለወጣል፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ይጮህና ከዚያ በላይ ያለው ይወድቃል። "የታፈነ" ያሉት ይሄንን ነው።

ልጆችዎ ማጫወቻውን ወደ አምፑ ያስጠጉልዎ፣ ገመዱ ከአንድ ሜትር ብዙ አይለፍ። ማስጠጋት ካልተቻለ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል ትንሽ ሣጥን ማጫወቻው አጠገብ ያስቀምጡና በአጭር ገመድ ያገናኙት። እሱ ሲግናሉን አጎልቶ ስለሚልከው ከዚያ በኋላ 5 ሜትር ቢሄድ ግድ የለም። ያን ጊዜ ግን አምፑ ላይ "ፎኖ" የሚለው ሳይሆን ተራው መግቢያ ላይ ነው የሚሰካው።

ከማጫወቻው ጀርባ ከቀይና ነጩ ጋር አንዲት ቀጭን ሽቦ ትወጣለች፣ ጫፏ ሹካ የመሰለ። እሷ አምፑ ላይ "ግራውንድ" በሚለው ብሎን ሥር መታሰር አለባት። ብዙ ጊዜ ማጓራቱ የሚመጣው እሷ ተረስታ ነው። አብረው ይዩልኝ።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥኔን ከሪሲቨር ጋር (የዲሹ ሳይሆን፣ ስፒከሮቹ የሚታሰሩበት አምፕሊፋየር) ለማገናኘት ኦፕቲካል፣ ኮአክሲያል ወይስ ኤችዲኤምአይ? ውድ ኤችዲኤምአይ ባስ ይጨምራል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አይጨምርም። ዲጂታል ገመድ ቁጥር ነው የሚያደርሰው። ቁጥሩ ከደረሰ ድምፁ ያው ነው። ካልደረሰ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ስክሪኑ ነጠብጣብ ያወጣል ወይ ይጠፋል። ቁጥሩ ተበላሽቶ "ባሱ ሳሳ" የሚባል ነገር የለም።

ምርጫው ላይ፣ ሁለቱም ዕቃዎች "አርክ" የሚል ምልክት ያለበት የኤችዲኤምአይ መግቢያ ካላቸው እሱን ያዝ። ከ2009ኙ የኤችዲኤምአይ 1.4 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ በአንድ ገመድ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል፣ ቮልዩሙም በአንድ ሪሞት ይሠራል። "ኢአርክ" የሚለው አዲሱ ደግሞ በ2017 ከወጣው 2.1 ጋር የመጣ ነው፣ ያልተጨመቀውን ባለ ብዙ ቻናል ድምፅ ያሳልፋል። ኦፕቲካል ከ1983 ጀምሮ ያለ የቶሺባ ፈጠራ ነው። ለሁለት ቻናል ሙዚቃ አሁንም ጥሩ ነው፣ ለፊልም ግን የተጨመቀውን 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር) እንጂ ከዚያ በላይ አይችልም። በጣም አትጠፈው፣ ውስጡ ሊሰበር ይችላል። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ማውጣትም አትርሳ። ኮአክሲያል (ዲጂታል ድምፅ በመዳብ የሚያሳልፈው ገመድ) ከሆነ 75 ኦም የሚል ይሁን። ኤችዲኤምአይ ገመዱ ከ5 ሜትር በላይ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ትንሽ ወጣ አድርገህ የተረጋገጠ ገመድ ግዛ።

ጥያቄ፦ የስፒከር ገመዱን በአዲስ ወፍራም ከቀየርኩ በኋላ ባሱ ጭራሽ ጠፋ። ዘፋኙም መሃል ላይ አይቆምም፣ ክፍሉ ውስጥ ተበትኗል። አዲሱ ገመድ መጥፎ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ገመዱ ምንም አላደረገም፤ አንዱን ስፒከር ገልብጠህ አስረኸዋል። አንዱ ስፒከር አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱ ይጣፋል። አምፑን አጥፋ። ከአምፑ ቀይ መያዣ የተነሣው ሽቦ ስፒከሩ ላይም ቀዩ ጋ መድረሱን በሁለቱም በኩል አረጋግጥ። ገመዱ ሁለቱም መስመር አንድ ቀለም ከሆነ ላስቲኩን በጣትህ ዳስሰው፣ በአንዱ በኩል ሸንተረር ወይም ጽሑፍ አለው፣ እሱን ሁልጊዜ ለቀዩ አድርገው።

አሁንም ከተጠራጠርክ ገመዱን ከአምፑ ነቅለህ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጫፎቹ ላይ ለቅጽበት ንካ፤ የባትሪውን ፖዘቲቭ ለቀዩ ሽቦ። የባሱ ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ካለ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ንካና አንሣ፣ ይዘህ አትቆይ።

ስታስር ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ላጥ፣ ክሮቹን ጥብቅ አድርገህ ጠምዝዝ፣ አንድም ክር ወደ ጎን ወጥቶ ጎረቤቱን እንዳይነካ። ያቺ አንዲት ክር ሾርት ብታደርግ አምፑን ልታቃጥል ትችላለች። ባናና ፕለግ (በገመዱ ጫፍ ላይ ታስሮ ቀጥ ብሎ የሚሰካው መሰኪያ) የምወደው ድምፅ ስለሚያሻሽል ሳይሆን ይሄንን ጭንቀት ስለሚያስቀር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ውድ ኬብል ገዝቼ ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከ100 ሰዓት በኋላ ደግሞ ገመዱ "ሲፈታ" ይበልጥ አማረ። ሁሉም አንድ ነው ስትሉ ያናድዳል።

መልስ፦ የሰማኸው አልተሰማህም አልልህም። ሰው የሚሰማው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ ያወጣው ገንዘብ፣ ያየው መልክ፣ የጠበቀው ነገር ሁሉ አብሮ ይሰማል። ይሄ በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፣ በመሐንዲሱም ላይ። 100 ሰዓት ውስጥ የለመደው ደግሞ ጆሮህ ነው። መዳቡ ያው መዳብ ነው።

አንድ ነገር እንድትሞክር እፈልጋለሁ። የድሮውን ገመድ ፈልግ፣ ግን ውፍረቱ በቂ የሆነ መዳብ ይሁን። የቤትህን ሰው "እኔ ሳላይ አንዱን አስሪ፣ ወይ ቀይረሽ ወይ ሳትቀይሪ፣ የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ለእኔ አትንገሪኝ" በላት። አንተ በደንብ የምታውቀውን አንድ ዘፈን፣ ቮልዩሙን ሳትነካ፣ ስማና የትኛው እንደሆነ አንተም ጻፍ። ገመድ በተቀየረ ቁጥር አምፑ ይጥፋ። ደጋግማችሁ አድርጉት፣ አንድ ሁለቴ መገመት በዕድልም ይሆናል። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተያዩ።

በየጊዜው ከለየኸው በመሃላቸው እውነተኛ ልዩነት አለ ማለት ነው፣ ምናልባት አንዱ ጫፉ የላላ ነው ወይ እግዱ ይበዛል፣ በቴስተር ለካቸውና የሁለቱን ርዝመት፣ ውፍረትና የለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን። ካልለየኸው ውዱን ገመድ መመለስ የምትችል ከሆነ መልሰውና ገንዘቡን ስፒከሩ ፊት ለፊት ላለው ወለል ወፍራም ምንጣፍ ግዛበት።